ክፍል ከነመታጠቢያው በአንድ ዶላር ተኩል

በጥር 1908 በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ግዛት፣ በፋሎ በተባለችው የሐይቅ ዳር ከተማ አንድ አዲስ ሆቴል ሥራ ጀመረ (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ክፍሎቹ 300 ነበሩ፤ መታጠቢያ ቤቶቹም 300። ባለቤቱ ኤልስዎርዝ ስታትለር ያስነገረው ማስታወቂያ አጭር ነበር፤ ክፍል ከነመታጠቢያው በአንድ ዶላር ተኩል። የሙያው ሰዎች ስሌቱ አልገባቸውም። ለእያንዳንዱ እንግዳ የራሱን ገንዳ፣ የራሱን መጸዳጃ፣ የራሱን ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ መስጠት የባለጸጎች ሆቴል ወግ እንጂ በዚያ ዋጋ የሚታሰብ አልነበረም። ሰውየው ይከስራል ተባለ።

አልከሰረም። ዛሬ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዱባይ፣ ፍራንክፈርት ወይም ዋሽንግተን የሚገባ መንገደኛ በመካከለኛ ዋጋ አልጋ ሲይዝ የሚያገኘው ክፍል የትም ቢሆን ይመሳሰላል። በሩ ሲከፈት በአንድ በኩል ጠባብ መታጠቢያ ቤት አለ፤ አለፍ ሲሉ ቁም ሳጥን፣ ከዚያ አልጋ፣ መጨረሻ ላይ መስኮት። ለዚህ አቀማመጥ ከማንም በላይ ባለውለታው ያ የበፋሎ ሆቴል ነው። ነገሩን ያሰበው ሰው ደግሞ በልጅነቱ ለሆቴል እንግዶች ውሃ ያመላልስ የነበረ መሆኑ ታሪኩን ከግንባታ ታሪክ በላይ ያደርገዋል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ መንገድ ዳር በነበሩ ማደሪያዎች መንገደኛ የሚከራየው ክፍል ሳይሆን የአልጋ ቦታ ነበር። ማታ ብቻውን የተኛ ሰው ሌሊት የማያውቀው መንገደኛ ከጎኑ ሲገባ መቃወም አይችልም ነበር። ይህን ልማድ ከሰበሩት ቤቶች ዋናው በ1829 ቦስተን ውስጥ የተከፈተው ትሬሞንት ሃውስ ነው። አርክቴክቱ አይዛያ ሮጀርስ ለእንግዳው በቁልፍ የሚዘጋ የግል ክፍል ሰጠው። በየክፍሉ ማንቆርቆሪያና ሳህን ተቀመጠ፤ ሳሙናም ያለ ክፍያ። በምድር ቤቱ ፎቅ ስምንት ውሃ የሚለቀቅባቸው መጸዳጃዎች ነበሩ፤ ይህ በጊዜው ሰው ሊያየው የሚመጣ ነገር ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ በ1842 አሜሪካ ሲገባ ያረፈው እዚያ ነው። ዋጋው ግን በቀን ሁለት ዶላር ስለነበር የሠራተኛው ሰው ማደሪያ አልነበረም።

የመካከለኛው ሆቴል እውነተኛ ደንበኛ የመጣው ከባቡር ሐዲድ ጋር ነው። ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ዕቃቸውን በየከተማው የሚያዞሩ የሽያጭ ወኪሎችን በብዛት ማሰማራት ጀመሩ። እነዚህ ሰዎች የናሙና ሣጥናቸውን ይዘው ከባቡር ይወርዳሉ፤ በጣቢያው አጠገብ ባለው ሆቴል አልጋ ይይዛሉ፤ ጨርቁን፣ ጫማውን፣ ቢላውን ዘርግተው ለከተማው ባለሱቆች ያሳያሉ፤ በማግስቱ ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳሉ። ብዙ ሆቴሎች ለዚሁ ሥራ የተለየ የናሙና ክፍል ነበራቸው። ወኪሉ ሀብታም አልነበረም፤ ወጪው ለአሠሪው የሚቆጠር ነውና። ግን ጠዋት ተላጭቶና ንጹሕ ለብሶ ደንበኛ ፊት መቅረብ ነበረበት።

የወኪሎቹ ኑሮ ምን ይመስል እንደነበር ከአንድ ሌሊት መረዳት ይቻላል። በመስከረም 1898 በዊስኮንሲን ግዛት፣ ቦስኮቤል በተባለች ትንሽ ከተማ፣ ሴንትራል ሃውስ ሆቴል ሞልቶ ስለነበር ጆን ኒኮልሰንና ሳሙኤል ሂል የተባሉ ሁለት የማይተዋወቁ ወኪሎች በአንድ ክፍል እንዲያድሩ ተደረገ። ሁለቱም አማኞች ነበሩና ከመተኛታቸው በፊት አብረው ጸለዩ። ከዚያ ትውውቅ በቀጣዩ ዓመት ጌድዮን የተባለው የክርስቲያን ነጋዴዎች ማኅበር ተወለደ። ማኅበሩ በ1908 በሞንታና ግዛት በሚገኝ ሆቴል መጽሐፍ ቅዱስ ማስቀመጥ ጀመረ። በብዙ አገር ከአልጋው አጠገብ ባለው መሳቢያ የሚገኘው መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ከዚህ ይነሳል። ስታትለር በፋሎ ላይ በሩን የከፈተውም በዚያው ዓመት ነው።

ስታትለር በ1863 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ተወለደ። ቤተሰቡ ድሃ ስለነበር ከወንድሞቹ ጋር ገና ሕፃን ሳለ መስታወት ፋብሪካ ገብቶ በእሳት ፊት ይሠራ ነበር። 13 ዓመት ሲሆነው በዊሊንግ ከተማ፣ ማክሉር ሃውስ በተባለ ሆቴል የእንግዳ ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። የተላላኪ ሥራ ሻንጣ መሸከም ብቻ አልነበረም። እንግዳው ደወል ሲደውል ደረጃውን ወጥቶ ምን እንደሚፈልግ መጠየቅ፣ ወርዶ ማምጣት፣ እንደገና መውጣት ነው። የሚፈለገውም አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ነበር፤ ለመላጫ ሙቅ ውሃ፣ ለመጠጥ በረዶ ያለበት ውሃ። ልጁ ከተላላኪነት ወደ ተላላኪዎች አለቃነት፣ ከዚያም ወደ እንግዳ መቀበያው ከፍ አለ። ስለ ሆቴል ያወቀውን ሁሉ ያወቀው ከዚያ ከደረጃው ላይ ነው።

የራሱን ሆቴል ለማቆም የበቃው ግን በጠማማ መንገድ ነው። በፋሎ ውስጥ የከፈተው ምግብ ቤት መጀመሪያ ሊያከስረው ደርሶ ነበር። በ1901 በከተማው ለተዘጋጀው ታላቅ ኤግዚቢሽን ከ2,000 በላይ ክፍል ያለው ጊዜያዊ የእንጨት ሆቴል ሠራ፤ የተጠበቀው ጎብኚ አልመጣም፤ በመስከረም ወር ደግሞ ፕሬዚዳንት ዊሊያም ማኪንሊ በኤግዚቢሽኑ ግቢ ውስጥ በጥይት ተመትተው ሞቱ። በ1904 በሴንት ሉዊስ የዓለም ትርኢት ግቢ ውስጥ ኢንሳይድ ኢን የተባለ ሌላ ጊዜያዊ ሆቴል አቆመ፤ ይኼኛውም ከ2,000 በላይ ክፍል ነበረው። እዚያ የቡና ማፍያ ፈንድቶ ክፉኛ አቃጠለው። ትርፉ ግን ጥሩ ነበር፤ የበፋሎውን ቋሚ ሆቴል የሠራውም በዚያ ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ። በየክፍሉ መታጠቢያ ቤት ማስገባትን ውድ የሚያደርገው ገንዳው አልነበረም፤ ቧንቧው ነው። መታጠቢያ ቤቶች እዚህም እዚያም ተበትነው ከተሠሩ ውሃ የሚያስገባውና ፍሳሽ የሚያስወጣው ቧንቧ በየግድግዳው ይዞራል፤ የሠራተኛው ጉልበትና የብረቱ ዋጋ ይቆለላል። ስታትለር ክፍሎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ አጣመራቸው። የአንዱ መታጠቢያ ቤት ጀርባ ከጎረቤቱ መታጠቢያ ቤት ጀርባ ጋር ይገናኛል፤ በመካከላቸው ከታች እስከ ጣሪያ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ጠባብ መተላለፊያ አለ። የላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤቶች ከታችኞቹ ልክ በላይ ይውላሉ። ንጹሕ ውሃው፣ ፍሳሹ፣ የማሞቂያው ቧንቧና የኤሌክትሪኩ ሽቦ ሁሉ በዚያ በአንድ መተላለፊያ ያልፋሉ። በአንድ ቧንቧ ሁለት ክፍል፣ ፎቁም በጨመረ ቁጥር የአንዱ ክፍል ድርሻ እየቀነሰ ይሄዳል። ቧንቧ ቢያፈስ ሠራተኛው በትንሽ መዝጊያ ገብቶ ይጠግናል፤ ግድግዳ አይፈርስም፤ እንግዳም አይነሳም። ይህ የቧንቧ መተላለፊያ በስታትለር ስም ተጠራ። ዛሬ በየትኛውም ከተማ ያለ እንግዳ ሌሊት በግድግዳው በኩል የጎረቤቱን ሻወር ሲሰማ የሚሰማው የዚህን አሠራር ውጤት ነው።

ተላላኪ የነበረ ሰው መሆኑ ይበልጥ የሚታየው በጥቃቅኑ ነገር ነው። እንግዳ በጨለማ ኮሪደር ቆሞ ቁልፍ ቀዳዳ ሲፈልግ አይቶ ያውቃልና ቀዳዳው ከእጀታው በላይ እንዲሆን አደረገ፤ እጅ ከታች አይከልለውም። የመብራቱ ማብሪያ በሩ አጠገብ ሆነ፤ ሰው ጨለማ ክፍል ውስጥ እየዳበሰ እንዳይገባ። በየክፍሉ በረዶ ቀዝቃዛ የመጠጥ ውሃ የሚወርድበት የተለየ ቧንቧ ተዘረጋ፤ አንድ ልጅ ማንቆርቆሪያ ይዞ አራት ፎቅ መውጣቱ ቀረ። ቁመት የሚያሳይ መስታወት፣ ስልክ፣ መርፌና ክር፣ መጻፊያ ወረቀት፣ ጠዋት በር ሥር የሚገባ ጋዜጣ ተጨመረ። ከመስታወቱ አጠገብ የፎጣ መስቀያ ተሰቀለ፤ እንግዳው የተጠቀመበትን ፎጣ መሬት ከመጣል ይልቅ መልሶ እንዲሰቅለው፣ ሆቴሉም የሚያጥበው ፎጣ እንዲያንስ። ምቾትና ቁጠባ በዚህ ሰው እጅ አንድ ሥራ ሆኑ። ከዚያ በፊት የነበሩት ታላላቅ ሆቴሎች ምቾትን የሚያስቡት በአገልጋይ ብዛት ነበር፤ ስታትለር ግን ክፍሉ ራሱ እንዲያገለግል አደረገው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ፈጠራ ይህ ይመስላል።

የውሃ ተሸካሚው ልጅ ድካም ቢቀልም ሌላ ድካም መተካቱን ግን የሆቴል ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። ፎቁ ሁለት መታጠቢያ ቤት ብቻ በነበረው ጊዜ የሚፈተገው ገንዳ ሁለት ነበር፤ አሁን በየክፍሉ አንድ ሆነ። ተንበርክኮ የሚፈትገው ሰው ደግሞ የክፍል ጽዳት ሠራተኛዋ ነች። ይህ ሥራ በአሜሪካ ከተሞች ከትውልድ ትውልድ የአዲስ መጤዎች እንጀራ ሆኖ ቆይቷል፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በርካታ ኢትዮጵያውያንም ኑሮ የጀመሩት በሆቴል ሥራ ነው። የመካከለኛው ሆቴል ዋጋ ዝቅ ብሎ የሚቆየው በብልህ ቧንቧ ብቻ አይደለም፤ በእነዚህ ሰዎች ወገብም ነው።

የስታትለር ሆቴሎች ተባዙ። ክሊቭላንድ፣ ዲትሮይት፣ ሴንት ሉዊስ ተከተሉ። በጥር 1919 ኒውዮርክ ላይ በፔንሲልቬንያ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የተከፈተው፣ የባቡር ኩባንያው አሠርቶት ስታትለር ያስተዳደረው ሆቴል ፔንሲልቬንያ 2,200 ክፍል ነበረው፤ መታጠቢያ ቤቱም ያንኑ ያህል። በጊዜው ከዓለም ትልቁ ሆቴል ነበር።

በዚያው ዓመት በጋ ከኢትዮጵያ የተላከ ልዑክ ኒውዮርክ ገባ። ደጃዝማች ናደው፣ ብላታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና ከንቲባ ገብሩ ደስታ የነበሩበት ይህ ልዑክ የተላከው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ የአገሩን የደስታ መልእክት ለማድረስ ነው። ልዑካኑ በዋልዶርፍ አስቶርያ ሆቴል አረፉ። ናሽናል ዴሞክራቲክ ክለብ የተባለው የከተማው ክለብ ግን በቆዳቸው ቀለም ምክንያት አላስተናገዳቸውም። የመንግሥት እንግዳ መሆናቸው በአንዱ በር አስገባቸው፤ በሌላው በር አልጠቀማቸውም። የመንግሥት እንግዳ ያልሆነ ጥቁር መንገደኛ ምን እንደሚገጥመው ከዚህ መገመት አያቅትም።

ስለ መካከለኛ ሆቴል ሲጻፍ ይህን መዝለል ታሪኩን ማጉደል ነው። ክፍል ከነመታጠቢያው ለሁሉም ተዳርሷል በተባለበት አገር፣ በብዙ ግዛቶች ገንዘቡን በእጁ የያዘ ጥቁር ሰው ከእንግዳ መቀበያው ይመለስ ነበር። ቪክቶር ሁጎ ግሪን የተባለ፣ በኒውዮርክ ሃርለም ሰፈር የሚኖር ፖስታ አዳይ ከ1936 ጀምሮ ጥቁሮችን የሚያሳድሩ፣ የሚያበሉና ነዳጅ የሚሸጡ ቤቶችን ዝርዝር በየጊዜው አሳትሟል። በዝርዝሩ ከነበሩት ማደሪያዎች ብዙዎቹ ሆቴሎች ሳይሆኑ ሰዎች መኝታ ቤታቸውን ለመንገደኛ የለቀቁባቸው የመኖሪያ ቤቶች ነበሩ። በሐምሌ 1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ሲፈረም፣ በአትላንታ 216 ክፍል የነበረው ሃርት ኦቭ አትላንታ ሞቴል ባለቤት ወዲያው መንግሥትን ከሰሰ፤ እንግዳ የመምረጥ መብቴ ተነካ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ በሙሉ ድምፅ ፈረደበት። ፍርዱ የቆመበት ምክንያት የሚገርም ነው፤ የሞቴሉ አብዛኞቹ እንግዶች ከሌላ ግዛት የሚመጡ ስለነበሩ ጥቁር መንገደኛን መመለስ በግዛቶች መካከል ያለውን ንግድ ማወክ ነው ተባለ። ሆቴልን የወለደው የንግድ ጉዞ፣ በመጨረሻ በሩን ለማስከፈትም ሕጋዊ መሠረት ሆነ።

ሞቴሉን ካነሳን፣ የመካከለኛውን ሆቴል ሁለተኛ ዘመን የከፈተውም የመኪና መንገድ ነው። የሜምፊሱ ግንበኛ ኬመንስ ዊልሰን በ1951 ሚስቱንና አምስት ልጆቹን ጭኖ ወደ ዋሽንግተን ሲጓዝ፣ የመንገድ ዳር ማደሪያዎች በእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት ዶላር ጭማሪ ጠየቁት። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ውስጥ በሜምፊስ የመጀመሪያውን ሆሊዴይ ኢን ከፈተ። ከወላጆቹ ጋር የሚያድር ልጅ አይከፍልም፤ በየክፍሉ መታጠቢያ፣ ስልክ፣ ቴሌቪዥንና የአየር ማቀዝቀዣ አለ። ስታትለር ያሰበው ለብቸኛው ወኪል ነበር፤ ዊልሰን ያንኑ ለቤተሰብ አደረገው። በ1954 ደግሞ ኮንራድ ሂልተን የስታትለር ሆቴሎችን በ111 ሚሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ገዛቸው።

በፈረንሳይ ከፓሪስ ውጭ ባሉ ከተሞች በ1960ዎቹ እንኳ መታጠቢያውና መጸዳጃው ኮሪደር ላይ የሆነ ሆቴል የተለመደ ነበር። ፖል ዱብሩልና ዠራር ፔሊሶን የአሜሪካኖቹን አሠራር ካጠኑ በኋላ በ1967 በሊል አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ 62 ክፍል ያለውን የመጀመሪያውን ኖቮቴል አቆሙ። ከዚያ ርካሹን ኢቢስን በ1974 ቦርዶ ላይ ጨመሩ። አኮር የተባለው ግዙፍ ድርጅት የተወለደው ከእነዚህ ነው።

ቁልፉም በዚህ ዘመን ተለወጠ። የብረት ቁልፍ በእንግዳ ኪስ አብሮ ይሄዳል፤ ያገኘው ወይም ያስቀረጸው ሰው በማግስቱ በሌላ እንግዳ ላይ ይከፍታል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ኖርዌያዊው ቶር ሶርነስ 32 ቦታ ላይ ሊበሳ የሚችል የፕላስቲክ ካርድ ሠራ። የቀዳዳዎቹ ጥምረት ወደ 4.3 ቢሊዮን ይደርሳል፤ በጊዜው በምድር ላይ ለነበረ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ቁልፍ ማለት ነው። ለመጪው እንግዳ አዲስ ካርድ ሲበሳ የቀድሞው ይሞታል። ዛሬ የምናውቀው የሆቴል ካርድ የእሱ ልጅ ነው። ብቻዋን ለምትጓዝ ሴት ይህ ለውጥ ከቴሌቪዥንም ከማቀዝቀዣም በላይ ዋጋ ነበረው።

ስታትለር የጀመረውን እስከ ጥጉ የወሰዱት ግን ጃፓኖች ናቸው። ኢትዮጵያውያን የ1964ቱን የቶኪዮ ኦሊምፒክ የሚያስታውሱት አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ደግሞ በማሸነፉ ነው። አበበ ያደረው በአትሌቶቹ መንደር ነበር፤ ከየአገሩ ለሚጎርፈው ተመልካች ግን ከተማዋ በቂ አልጋ አልነበራትም። የቀድሞው የሱሞ ታጋይ ዮኔታሮ ኦታኒ ከ1,000 በላይ ክፍል ያለው ባለ 17 ፎቅ ሆቴል ለማድረስ የነበረው ጊዜ 17 ወር ብቻ ነበር። መታጠቢያ ቤት በእጅ ሲሠራ ውሃ መከላከያው ይነጠፋል፣ ሲሚንቶው ይደርቃል፣ ሸክላው አንድ በአንድ ይለጠፋል፤ ይህን አንድ ሺህ ጊዜ መድገም ለቀኑ አያደርስም። ቶቶ በሚል ስም የምናውቀው የሸክላ ፋብሪካ መፍትሔ አመጣ። ወለሉ፣ ገንዳውና ግድግዳው ፋብሪካ ውስጥ ከቀላል ፕላስቲክ ተዘጋጅተው፣ ተጭነው መጥተው፣ በቦታቸው ተገጣጠሙ። ሆቴል ኒው ኦታኒ በመስከረም 1 ተከፈተ፤ ውድድሩ ሊጀመር ከአንድ ወር ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ኒው ኦታኒ የባለጸጋ ሆቴል ነበር። ተገጣጣሚው መታጠቢያ ቤት ግን ወደ ታች ወረደ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ፈጣኑ ባቡር በቶኪዮና በኦሳካ መካከል ሥራ ጀመረ፤ እንደ አሜሪካ ወኪሎች ሁሉ የጃፓን ኩባንያ ሠራተኞችም በሻንጣ ከከተማ ከተማ መመላለስ ያዙ። በየጣቢያው ፊት የተተከሉት ሆቴሎች ክፍላቸው ከ10 ካሬ ሜትር ብዙም የማያልፍ፣ ግን በር የሚዘጋበትና የራሱ ገንዳ ያለው ነበር። ቧንቧው ከወለሉ ሥር ስለሚያልፍ መታጠቢያ ቤቱ ከክፍሉ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ አዲስ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚደናቀፈው እዚያ ደፍ ላይ ነው። በየክፍሉ የሌሊት ልብስ፣ ነጠላ ጫማ፣ የጥርስ ብሩሽና ውሃ ማፍያ ይቀመጣል፤ መንገደኛው ከሥራ ሻንጣው በቀር ምንም ሳይዝ መምጣት ይችላል።

ከእነዚህ አንዱ ቶዮኮ ኢን በ1986 በቶኪዮ ደቡብ፣ ካማታ በተባለ የፋብሪካ ሰፈር ተጀመረ። የሆቴሎቹን ሥራ አስኪያጅነት በአብዛኛው ለሴቶች ሰጠ፤ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት የሆቴል ልምድ ያልነበራቸው ነበሩ። ክፍሉን በሁሉም ከተማ አንድ ዓይነት አድርጎ ቁርሱን ከዋጋው ውስጥ ጨመረ። ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ወደ ኮሪያ፣ ቀጥሎም ወደ አውሮፓ ዘለቀ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ1958 ጀምሮ በሚበርባት ፍራንክፈርት፣ ከዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ አንዱ ቅርንጫፍ አለ።